«ውሃ ሰጥተን አየነው፤ ጠጣ። ታዲያ ነፃ ነው ማለት ነው?»

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ለፋሲካ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ውሻ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነከሰው። ይኸው አምስት ሳምንት ሆነው። ቁስሉ ትንሽ ስለነበረ ቶሎ ደረቀ። ውሻው የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከዚያ ቀን በኋላም አልታየም። አያታችን የባህል መድኃኒት አጠጥተውታል። አሁን ሦስት ቀን ሆነው ራሱን ያመዋል፤ እንቅልፍም እምቢ ብሎታል። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ውሃ ይፈራል ሲባል ስለሰማን በብርጭቆ ውሃ ሰጥተን አየነው። ጠጣ። ታዲያ ነፃ ነው ማለት ነው? የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ምን ምን እንደሆነ ቢያስረዱን።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ወንድምሽን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይዘሽው ሂጂ። የቀረውን መንገድ ላይ ሆነሽ ልታነቢው ትችያለሽ።

ውሃ መጠጣቱ ነፃ ነው አያሰኝም። ራሱን ማመሙም ብቻውን በሽታው ይዞታል አያሰኝም። ወባም፣ ታይፎይድም፣ ጭንቀትም ራስ ያሳምማል፤ እንቅልፍ ይነሳል። ግን ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ ነክሶት፣ ውሻው ጠፍቶ፣ አንድም መርፌ ሳይወጋ አምስት ሳምንት ያለፈው ሰው ቤት ቁጭ ብሎ ምልክት መጠበቅ የለበትም።

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። አንዱ በስልክ፣ ሌላው ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ «ዶክተር፣ ምልክቱ ምንድን ነው?» ይለኛል። በሌላ በሽታ ቢሆን ጥያቄው ደስ ይለኝ ነበር። ምልክቱን ያወቀ ሰው ቶሎ ይመጣል፤ ቶሎ ይድናል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን እንደዚያ አይደለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ክትባቱ የሚሠራው ሰውየው ደህና በሆነበት፣ ራሱም «ምን ሆኜ ነው የምወጋው?» በሚልበት ጊዜ ነው። ለዚህ ነው «ምልክት ካየን እንወስደዋለን» የሚል ቤተሰብ ስሰማ ሆዴ የሚባባው።

ነገሩ እንዲገባሽ ቫይረሱ የሚሄድበትን መንገድ ልንገርሽ። ቫይረሱ ያለው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። ሲነክስ ወደ ሥጋ ይገባል። ብዙዎቹ ቫይረሶች በደም ይዞራሉ፤ ይሄኛው ግን ነርቭ ይይዛል። ነርቩን ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አከርካሪ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይወጣል። ፍጥነቱ በቀን በሚሊሜትር፣ ቢበዛ በጥቂት ሴንቲሜትር የሚለካ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። ገና ምልክት ሳይወጣ «ይዞታል ወይስ አልያዘውም?» ብሎ የሚለይ የደም ምርመራም የለም። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። በሳምንት የወጣበት አለ፤ ዓመት የቆየበትም አለ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ፊት ወይም አንገት ላይ የተነከሰ ሰው መንገዱ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይታመማል። ትንንሽ ልጆች ቁመታቸው ከውሻ አፍ ብዙም ስለማይርቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነከሱት እዚያው ላይ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት 10 ሰዎች 4ቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ወንድምሽ የተነከሰው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ከቁርጭምጭሚት እስከ አንጎል ሩቅ ነው። ይህ ርቀት ጊዜ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። የምቸኩለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ ልግባ። መጀመሪያ ላይ የሚታየው ነገር ማንንም አያስደነግጥም። ትንሽ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ አንዳንዴ ማቅለሽለሽ ነው። ጉንፋን ይመስላል። አንድ ነገር ግን ከጉንፋን ይለየዋል፤ ብዙ ሰው ደግሞ እሱን ይዘለዋል። የዳነው የንክሻ ቦታ እንደገና «ይነቃል»። ይነዝራል፣ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል፣ ወይም ይደነዝዛል። ቆዳው ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ስሜቱ የሚመጣው ቫይረሱ ከዚያ አካባቢ የሚነሱትን ነርቮች ስለጎዳቸው ነው።

ስለዚህ ወንድምሽን ዛሬ ጠይቂው። «ራስህን እንዴት ነህ?» ከማለትሽ በፊት «ቁርጭምጭሚትህ እንዴት ነው?» በይው። ይህ ስሜት ሁሉም በሽተኛ ላይ አይታይም። እየዳነ ያለ ቁስልም በራሱ ጊዜ ያሳክካል። ስለዚህ መልሱ «ደህና ነው» ቢሆንም ከመሄድ አትቅሩ። መልሱ «ይነዝረኛል» ከሆነ ግን ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትናገሪው ይሄንኑ ይሁን።

አንድ ገበሬ አስታውሳለሁ። እጁን እያከከ ነው የመጣው። ሌላ ቦታ የቆዳ ቅባት ተሰጥቶት ነበር። ውሻ ነክሶት እንደሆነ ስጠይቀው «የለም» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ «ቡችላ ነች እንጂ» አለ። ቡችላዋ ትንሽ ስለነበረች እንደ ንክሻ አልቆጠራትም። ቡችላም ታስተላልፋለች። ድመትም፣ አህያም፣ ቀበሮም እንደዚሁ። በሁለተኛው ቀን ያ ሰውዬ ውሃ መዋጥ አቃተው።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ከሁለት ቀን እስከ አሥር ቀን ሊቆዩ ይችላሉ። በእነዚያ ቀናት በሽተኛው ውሃ ይጠጣል፤ ቡናም ይጠጣል፤ እንደማንኛውም ሰው ይጠጣል። እናንተ በብርጭቆ ያደረጋችሁት ሙከራ ምንም የማያረጋግጠው ለዚህ ነው። ውሃ መፍራት የሚመጣው ቫይረሱ አንጎል ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ወደ መጨረሻው ነው። ጭራሹኑ የማይመጣባቸውም አሉ። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

«ውሃ ይፈራል» የሚለው አባባል ራሱ ትንሽ ያሳስታል። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። አእምሮው ሙሉ ነው፤ እናቱን ያውቃታል፤ «ውሃ ጠማኝ» ብሎ ራሱ ጠየቀ። እናቱ በላስቲክ ኩባያ ቀርባ ስትሰጠው በሁለት እጁ ተቀበላት። ኩባያው ከንፈሩን ሲነካ ጉሮሮው ተኮማተረ። የአንገቱ ጅማቶች ተገተሩ፣ ራሱ ወደኋላ ሄደ፣ ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ኩባያው ከእጁ ወደቀ። ልጁ ውሃውን አልጠላውም፤ እየጠማው ነበር። መዋጫና መተንፈሻ ጡንቻዎቹ ናቸው ያለ ፈቃዱ የሚኮማተሩት። ሕመሙ ከባድ ስለሆነ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውሃ ማየት፣ ውሃ ሲቀዳ መስማት፣ ስለ ውሃ ሲወራ መስማት ብቻውን ያስነሳበታል። ምራቁንም መዋጥ ስለማይችል በአፉ ይወርዳል፤ ይተፋል። ሰው «አረፋ ደፈቀ» የሚለው ይሄንን ነው።

ከውሃው ጋር የሚሄድ ሌላ ምልክት አለ። ብዙ ሰው ስለ እሱ አልሰማም። ነፋስ ነው። መስኮት ሲከፈት፣ በር ሲወዛወዝ፣ ፊቱ ላይ በወረቀት ሲራገብ ያው መኮማተር ይመጣል። ብርሃንና ድምፅም ያስደነግጡታል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ እረፍት ያጣል፣ ይነሳል ይቀመጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ አንዳንዴም ይቆጣል። ከዚያ ደግሞ ጋብ ይልለታል። ቁጭ ብሎ ያወራሻል፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል። ቤተሰብን በጣም የሚያታልለው ይህ ነው። «ተሻለው» ብለው ይዘውት ሊወጡ ሲሉ ያገኘኋቸው አሉ።

እዚህ ላይ በእኛ አገር ደጋግሜ ያየሁትን ነገር በግልጽ ልናገር። በድንገት የሚለዋወጥ፣ የሚቆጣ፣ የሌለ ነገር የሚያይ ሰው ሲገኝ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ቡዳ ወይም ዛር ነው። ጸበል ይወስዱታል። ጸበሉ ሲቀርብለት ይንቀጠቀጣል፣ ይሸሻል፣ ይጮኻል። ያን ጊዜ «ይኸው፣ ርኩስ መንፈስ ነው፤ ጸበሉን ፈራ» ይባላል። ታስሮ ውሃ ይፈስበታል። ለዚያ ሰው ከዚህ የከፋ ሥቃይ የለም። እምነታችሁን አልነካም። ጸሎቱም ይጸለይ። ግን በቅርብ ወራት ውሻ የነከሰው ሰው ጸበል ፈርቶ ካያችሁ ገመዱን ፍቱለትና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የሚጠብቁት ሰዎችም ምራቁ ዓይናቸው፣ አፋቸው ወይም ቁስላቸው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ይናገሩ፤ ክትባት ያስፈልጋቸዋል።

አሁን ውሃ ወደማይፈሩት ልመለስ። ከ5 በሽተኞች 1 ያህሉ እንዲህ አይሆንም። አይቆጣም፣ አይጮህም፣ ውሃም ላይፈራ ይችላል። የተነከሰው እግር ወይም እጅ መጀመሪያ ይዝላል። ድካሙ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው እግር፣ ወደ ወገብ፣ ወደ ደረት ይሄዳል። በመጨረሻ መተንፈስ ያቅተዋል። ይህ ዓይነቱ ከሌሎች የነርቭ በሽታዎች ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ በሐኪሞችም ዘንድ ጭምር። «ውሻ ነክሶታል» የምትለዋ አንዲት ቃል ካልተነገረች ማንም ላያስበው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቅም ተናገሩ። ንክሻው ወር ቢሞላው፣ ሦስት ወር ቢሞላው፣ ቢድንም ተናገሩ።

የሚሳሳቱበትን ነገር ባጭሩ ላንሳ። በሽተኛው እንደ ውሻ አይጮህም። ድምፁ የሚጎረብጠውና የሚሻክረው የጉሮሮ ጡንቻዎቹ ስለሚኮማተሩ ነው። በተነከሰ በማግስቱ እንደ ውሻ የሚጮህና ሰው ልንከስ የሚል ሰው ካለ በአብዛኛው ፍርሃቱ ነው ያሸነፈው፤ እሱም እርዳታ ይፈልጋል። መንጋጋው ተቆልፎ አፉ አልከፈት ካለ ደግሞ ቴታነስ ሊሆን ይችላል። ቴታነስም ከቁስል ይመጣል፤ አሳሳቢነቱም እንደዚያው ነው። የአንጎል ወባና ማጅራት ገትርም ሰውን ያስቃዣሉ። እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ስለሆኑ ቤት ውስጥ «እብድ ውሻ ነው፤ አለቀለት» ብሎ ተስፋ መቁረጥም ሌላ አደጋ ነው። መለየቱን ለሐኪም ተዉት።

አያታችሁ ስላጠጡት መድኃኒት። አያታችሁ የሰጡት በፍቅር ነው፤ አትቆጧቸው። ለዚህ በሽታ ከሚጠጡት ሥሮች መካከል እንዶድ አንዱ ነው። እንዶድ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሰውነት ያዝላል። ሰው ሲያስመልሰው «መርዙ ወጣለት» ይላል። ቫይረሱ ግን ሆድ ውስጥ የለም፤ ነርቭ ውስጥ ነው። ትልቁ ጉዳት ሌላ ነው። መድኃኒቱን የጠጣ ሰው «ታክሜያለሁ» ብሎ ክትባቱን ይተዋል። «እገሌ ጠጥቶ ዳነ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ እውነት ይመስላል። እብድ ያልሆነ ውሻ የነከሰው ሰው ምንም ባይጠጣም አይታመምም። እብድ ውሻ ከነከሰው ሰው ሁሉም አይደለም የሚታመመው። ማን እንደሚታመም አስቀድሞ የሚያውቅ ግን የለም።

ወንድምሽ ሐኪም ቤት ሲደርስ ምን ይደረግለታል? ምልክት እንዳልጀመረው ከታመነ አምስት ሳምንት ዘግይቷል ተብሎ አይመለስም። ክትባቱ ከወራት በኋላም ቢሆን ይጀመራል። ጥርስ ቆዳውን ከበሳው ደግሞ ከክትባቱ ጋር በንክሻው ቦታ ዙሪያ የሚወጋ ሌላ መርፌ አለ። ይሄኛው የተዘጋጀ የመከላከያ አካል ነው፤ ሰውነቱ የራሱን እስኪያመርት ድረስ ይከላከልለታል። ይኖር እንደሆነ ጠይቂ። ባይኖርም ክትባቱ እሱን ሲጠብቅ አይቆይ። ስለ ቴታነስ መርፌም ጠይቂ።

«ሆድ ላይ 14 መርፌ ነው» ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። የፈሩት ከመሬት ተነስተው አይደለም። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት በየቀኑ ሆድ ላይ ለ14 ቀን የሚወጋ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ማጠናከሪያ አለው። ያንን ያየ ሰው ሥቃዩን አይረሳም። የዓለም ጤና ድርጅት ያ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር ከመከረ ቆይቷል። አዲሱ ክትባት የሚሰጠው ክንድ ላይ ነው። ሲወጉት እንደማንኛውም መርፌ ነው። በተለመደው አሰጣጥ የጀመረበትን ቀን ዜሮ ብለሽ ከቆጠርሽ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው፣ አንዳንድ ቦታ በ28ኛውም ቀን ይደገማል። እርጉዝም፣ የምታጠባ እናትም፣ ሕፃንም ይወስዱታል። አንዱን ወስዶ «ይበቃኛል» ማለት አይቻልም።

ክትባቱ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከሌላቸው የት እንዳለ ይንገሯችሁ። አዲስ አበባ ላላችሁት፣ ትልልቅ ሰዎች እስካሁን «ፓስተር» የሚሉት የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከዚህ በሽታ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። ስሙ የመጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 በእብድ ውሻ ለተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ክትባት ሰጥቶ ካተረፈው ከፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። እስቲ አስቢው፤ መከላከያው ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰው ግን ዛሬም እየሞተ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

ምልክቱ ጀምሮት ከሆነስ? ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ጠይቀሻል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 አሜሪካ ውስጥ የሌሊት ወፍ የነከሰቻት አንዲት ወጣት ክትባት ሳትወስድ ታማ ተርፋለች። ሐኪሞቿ በመድኃኒት አስተኝተው አቆይተዋት ነበር። ያው ሕክምና ከዚያ በኋላ በብዙ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ አብዛኞቹን አላዳነም። ስለዚህ ቤታችሁን ሸጣችሁ ውጭ አገር ውሰዱት የሚላችሁን አትስሙ። ሆስፒታሉ ግን ብዙ የሚያደርገው ነገር አለ። ሕመሙን የሚያስታግስ፣ መኮማተሩን የሚያረጋጋ፣ የሚያስተኛ መድኃኒት አለ። ጨለምለም ያለ፣ ነፋስ የማይገባበት፣ ጸጥ ያለ ክፍል ይሰጠዋል። አይታሰርም። ቤተሰብ ጓንትና ማስክ አድርጎ አጠገቡ ይቀመጣል፤ እጁን ይይዘዋል። ቆዳው ጤነኛ የሆነ ሰው በሽተኛውን በመንካት አይያዝም። አብዛኞቹ በሽተኞች ምልክቱ ከጀመረ ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን አያልፉም። እነዚያ ቀናት ብቻውን ተቆልፎበት ማለፍ የለባቸውም።

ለሌሎች አንባቢዎችም ልጨምር። ውሻ እንደነከሰ መጀመሪያ የሚደረገው ቧንቧ ከፍቶ በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው። በሰዓት ቁጠሩት፤ ረጅም ነው። ሳሙናው ቫይረሱን ይገድለዋል። ቡና፣ በርበሬ፣ ጋዝ፣ ቅጠል አትጨምሩበት። ካጠባችሁት በኋላ አዮዲን ካለ አድርጉበት። ውሻው የሚታወቅና ሊታሰር የሚችል ከሆነ አትግደሉት፤ 10 ቀን ይታይ። በሚነክስበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ታሞ ይሞታል። እስከዚያ ድረስ ግን ሰውየው ክትባቱን ጀምሮ ይጠብቅ። ውሻው በ10ኛው ቀን ደህና ከሆነ ክትባቱን ስለማቆም ሐኪሙ ይወስናል። የእናንተው ውሻ ስለጠፋ ይህ አይሠራላችሁም። የጠፋ ውሻ ደግሞ እንደ ታመመ ይቆጠራል።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ፤ ታክሲ ውስጥ ሆነሽ የምታደርጊው። ለገጠሩ ዘመዳችሁ ደውይ። ያ ውሻ በዚያ ሰሞን ሌላ ሰው ነክሶ እንደሆነ፣ ላምና አህያ ነክሶ እንደሆነ ጠይቂ። እንዲህ ያለ ውሻ አንድ ሰው ብቻ ነክሶ አይመለስም። የጎረቤት ልጅ ተነክሶ ከነበረና እስካሁን እየሮጠ፣ እየተጫወተ ከሆነ ለእናቱ ንገሪያት፤ እሱም ዛሬ ይሂድ።